የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና፦ ከስሙ በፊት መጠኑን ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ፕሮስቴታቸው ላበጠባቸው ወንዶችና እነርሱን ይዘው ከአንዱ ሐኪም ቤት ወደ ሌላው ለሚዞሩ ቤተሰቦች ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሆድ ተከፍቶ የሚሠራውን የቆየውን ቀዶ ጥገና አድርጌ ድኛለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከእኔ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሌዘር ታክሟል። የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን፤ ሕመማችንም አንድ ነበር። ሁለታችንም ካገገምን በኋላ የየራሳችንን ታሪክ በስልክ ስናነጻጽር፣ ከመሣሪያው አዲስነት ይልቅ የሚበልጠው ዕጢው ምን ያህል እንደሆነ፣ ፊኛውና ኩላሊቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ በጊዜ መለካቱ መሆኑን ደጋግመን አየን።

ነገሩ የጀመረኝ ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ሌሊት አንድ ጊዜ፣ እየቆየ ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት መነሣት መጣ። ሽንቱ ቶሎ አይጀምርም፤ ሲጀምርም ቀጭንና የሚቆራረጥ ነው፤ ጨረስኩ ብዬ ከመጸዳጃ ቤት ስወጣ የቀረ ነገር ይሰማኛል። ቅዳሴ ቆሞ ማስጨረስ አቃተኝ፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ስሄድ አስቀድሜ የማጣራው መጸዳጃው የት እንደሆነ ነበር። ባለቤቴ "ብርድ መትቶህ ነው" አለችኝ፤ ወዳጆቼ ስኳር ጠረጠሩ፤ ስኳሬ ተለክቶ ደህና ሲሆን ጉዳዩ ተመልሶ ብርድ ተባለ። በእኛ ዘንድ ለሽንት መመላለስ የሚሰጠው ስም አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ አባቶች ሐኪም ሳያያቸው ጋቢያቸውን ደርበው ዓመታት ያሳልፋሉ። እባካችሁ፣ አባታችሁ ወይም ባላችሁ ሌሊት መመላለስ ካበዛ፣ በጨዋነት ዝም ሲል እናንተ ጠይቁት።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ፣ የሽንት ቱቦውን እንደ ቀለበት ከቦ የያዘ የወንዶች ዕጢ ነው። በወጣትነት ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ውስጠኛው ክፍሉ እያደገ ቱቦውን ያጠብበዋል። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ከሚገኙ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ሰማንያን ከተሻገሩት ደግሞ አብዛኞቹ ይህ ለውጥ አለባቸው፤ ስለዚህ የሚያሳፍር ቀርቶ የሚያስደንቅ እንኳ አይደለም። መጀመሪያ ያየኝ የዩሮሎጂ ሐኪም ከመድኃኒት በፊት ያቀረበልኝ መጠይቅ ነበር። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ይህ መለኪያ በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር ባዘጋጃቸው 7 ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 5 ነጥብ አለው፤ ድምሩ እስከ 7 ከሆነ ሕመሙ ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ይባላል። የእኔ 22 ሆነ። ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ለሦስት ቀናት የጠጣችሁትን ፈሳሽና የሸናችሁትን መጠን ከነሰዓቱ በወረቀት ብትመዘግቡ፣ ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ይረዳላችኋል፤ ችግሩ የፕሮስቴት ይሁን ወይም ማታ ማታ የሚጠጣው ሻይና ቡና፣ ከመዝገቡ ላይ ይታያልና።

የታዘዘልኝ ታምሱሎሲን የሚባለው ኪኒን ነበር። ይህ መድኃኒት በፕሮስቴቱና በፊኛው አፍ ላይ ያለውን ጡንቻ ያላላል፤ ለውጡም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታወቃል። ዕጢውን ግን አያሳንሰውም። ዕጢውን የሚያሳንሰው ፊናስተራይድ የሚባለው ሌላው መድኃኒት ሲሆን፣ ውጤቱን ለማየት ግማሽ ዓመት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል፤ የሚቀንሰውም ከ20 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ3,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ፊናስተራይድ ከታምሱሎሲን ወገን ከሆነ ሌላ መድኃኒት ጋር አብሮ ሲሰጥ፣ ሕመሙ እየከፋ የመሄዱ ዕድል ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ66 በመቶ ቀንሷል። ጥምር ሕክምናው በተለይ የሚጠቅመው ዕጢው ትልቅ የሆነበትን ሰው ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ዕጢውን መለካት ያስፈልጋል። የእኔ ዕጢ በዚያን ጊዜ አልተለካም ነበር። ኪኒኑ እፎይታ ሰጠኝ፤ በዚያ እፎይታ ውስጥም ከሸናሁ በኋላ ፊኛዬ ውስጥ ስንት እንደሚቀር ሳይታይ ወራት አለፉ።

ታምሱሎሲን ለምትወስዱ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው፣ ሌሊት ከአልጋ ስትነሡ መጀመሪያ ጥቂት ቁጭ ብላችሁ ተነሡ፤ የደም ግፊትን ስለሚያወርድ ያዞራል፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ መውደቅ ከሽንቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ሁለተኛው፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ካሰባችሁ መድኃኒቱን እንደምትወስዱ ወይም ወስዳችሁ እንደነበር ለዓይን ሐኪሙ አስቀድማችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱ የዓይን ብሌን በቀዶ ጥገናው ጊዜ በሚገባ ሰፍቶ እንዳይቆይ ስለሚያደርግ፣ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ መግባት አለበት።

ሁሉ ነገር የተለወጠው ደሴ ለለቅሶ ሄጄ ስመለስ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ከመድኃኒት ቤት የጉንፋን ኪኒን ገዝቼ ወስጄ ነበር፤ 400 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድም በአውቶቡስ ተቀምጬ፣ ሰው ላለማስቸገር ሽንቴን ይዤ መጣሁ። ማታ ቤቴ ስደርስ ሽንቴ ፈጽሞ አልወጣ አለ። ከእምብርቴ በታች ያለው ሆዴ ተወጥሮ፣ ላቤ እየወረደ፣ መቀመጥም መቆምም አቅቶኝ ልጄ በሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደኝ። ነርሷ ቱቦውን ስታስገባልኝ ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ፤ ጤነኛ ፊኛ ግማሽ ሊትር ገደማ ሲይዝ አጥብቆ ይጠራል። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ የሚገኘው አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት የፊኛውን አፍ ያጠብቃል፤ አብሮት የሚቀመመው የአለርጂ መድኃኒት ደግሞ የፊኛውን ጡንቻ ያደክማል። ፕሮስቴት ያለበት ሰው የጉንፋን ኪኒን ከመግዛቱ በፊት ሕመሙን ለፋርማሲስቱ ሊነግር ይገባል። ሽንት ጨርሶ ከተዘጋም እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሙቅ ውኃ መንከርም ሆነ ብዙ ውኃ መጠጣት አያስከፍተውም፤ ውኃው እንዲያውም ሥቃዩን ይጨምረዋል።

በነጋታው የተነሣው አልትራሳውንድ ሁለት ነገር አሳየ። ፕሮስቴቱ 96 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ኩላሊቶቼም ወደ ኋላ በተመለሰው ሽንት አብጠው ነበር። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ ክሬአቲኒን 2.1 ደርሶ ነበር፤ ቱቦው ሽንቱን ማውረድ ከጀመረ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ወደ 1.2 ወረደ። በዚያ ጊዜ ነው የዚህ ሕመም ዋናው አደጋ ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱ እንዳልሆነ የገባኝ። ፊኛው በጠበበው መውጫ በኩል ሽንት ለመግፋት ሲታገል ጡንቻው ይወፍራል፤ ትግሉ ሲረዝም ደግሞ ይደክምና ሥራውን ያቆማል። ጡንቻው ከሞተ በኋላ ፕሮስቴቱ በምንም ዓይነት ዘመናዊ መሣሪያ ቢወጣ ሽንቱ በራሱ ላይወርድ ይችላል። ሐኪሞች ከመድኃኒት ወደ ቀዶ ጥገና የሚያሻግሩባቸው ምልክቶችም ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው፦ ሽንት ደጋግሞ መዘጋት፣ የኩላሊት መጎዳት፣ በፊኛ ውስጥ ጠጠር መፈጠር፣ የሚመላለስ የሽንት ኢንፌክሽንና በመድኃኒት የማይቆም ደም። ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ ኪኒን እየቀያየሩ መቆየት ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ አልትራሳውንድ ስጠይቅ የተነገረኝን ልጨምር። መሣሪያው የዕጢውን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ሦስቱ ተባዝተው በ0.52 ሲባዙ መጠኑ ይገኛል። በውጤት ወረቀታችሁ ላይ "ፕሮስቴቱ አብጧል" የሚል ቃል ብቻ ካለ አትርኩ፤ ቁጥሩ እንዲጻፍላችሁ፣ ከሸናችሁ በኋላ የሚቀረው ሽንትም በሚሊ ሊትር ተለክቶ እንዲሰፍርላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው።

ታምሱሎሲን እየወሰድኩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቱቦውን አውጥተው ሞከሩኝ፤ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሽንቱ ይለቀቅለታል፣ የእኔ ግን ተመልሶ ተዘጋ። ስለዚህ ወረፋዬ እስኪደርስ ከቱቦ ጋር መኖር ግድ ሆነ። ለዚህ ጊዜ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛችሁ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ከፍ ካለ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቱቦው እንዳይጎተት በጭናችሁ ላይ በፕላስተር ይያዝ። ከከረጢቱ ጋር የተጋጠመበትን ቦታ በየምክንያቱ አትፍቱት፤ ኢንፌክሽን የሚገባው በአብዛኛው በዚያ በኩል ነው። የላቴክስ ቱቦ በየጥቂት ሳምንቱ መቀየር አለበት፤ የሲሊኮኑ እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ የትኛው እንደገባላችሁና የገባበትን ቀን ጻፉ። ውኃ ጠጡ፤ በጾም ወቅትም ቢሆን ስለዚህ ነገር የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ የእኔ የንስሐ አባት ያለማመንታት ነው የፈቀዱልኝ። በነጠላ ወይም በጋቢ ሥር ከረጢት ይዞ ወደ ሰው መውጣት ይቻላል፤ በቤት ተዘግቶ መክረም ሰውነትን ያደክማል፣ ለቀዶ ጥገናውም አይበጅም።

በዚሁ መካከል ቤተሰቤን ያስለቀሰ ነገር ተፈጠረ። ሽንቴ በተዘጋበት ሰሞን የተወሰደው ደም ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለውን ምርመራ 18.4 አድርጎ አመጣ። ብዙዎች እንደ መነሻ የሚይዙት መጠን 4 ስለሆነ፣ ልጆቼ ካንሰር ነው ብለው ደመደሙ። የዩሮሎጂ ሐኪሜ ግን ወረቀቱን አይቶ ደሙ የተወሰደበትን ቀን ጠየቀ። ፒ.ኤስ.ኤ. ፕሮስቴት ራሱ የሚያመነጨው ነገር በመሆኑ፣ ዕጢው ሲተልቅ፣ ሲመረቅዝ፣ ሽንት ሲዘጋ፣ ቱቦ ሲገባም ይጨምራል። ኢንፌክሽኑ ታክሞ ሁለት ወር ገደማ ሲያልፍ እንደገና ተለካና 6.1 ሆነ። ይህም ለ96 ግራም ሲካፈል 0.06 ያህል ነው፤ ሐኪሞች የሚጠረጥሩት ይህ ድርሻ ወደ 0.15 ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ነው። እንግዲህ በትኩሳት፣ በኢንፌክሽን ወይም ቱቦ በገባ ሰሞን የተለካን ፒ.ኤስ.ኤ. ይዛችሁ አትደንግጡ፤ ምርመራው መቼ መደገም እንዳለበት ግን በትክክል ጠይቁና ድገሙት። አልደነግጥም ብሎ መተውም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነው።

ቀዶ ጥገናውን የምንመርጥበት ቀን ሲደርስ ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። በሰፊው የሚታወቀው ዘዴ በሽንት ቱቦ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ዕጢውን በኤሌክትሪክ ሽቦ እየፋቁ ማውጣት ነው፤ ሆድ አይከፈትም፤ ከ30 እስከ 80 ግራም ለሚመዝን ዕጢም የታመነ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሥራው ይረዝማል፣ ደሙም ይበዛል። በአሮጌው መሣሪያ ጊዜ ለማጠቢያ የሚያገለግለው ፈሳሽ ጨው የሌለበት በመሆኑ፣ ወደ ደም በብዛት ሲገባ የሰውነትን ሶዲየም አውርዶ ሰውን እስከ ማወክና ማንቀጥቀጥ ይደርሳል፤ አዲሱ ባይፖላር የሚባለው መሣሪያ በጨው ውኃ ስለሚሠራ ይህን አደጋ አስወግዶታል። በዚህ ዘዴ የምትታከሙ ከሆነ መሣሪያው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለእኔ መጠን በዓለም ላይ የሚመከሩት በሌዘር ፈልቅቆ ማውጣትና ሆድ ከፍቶ ማውጣት ናቸው። በምታከምበት ሆስፒታል ሌዘሩ አልነበረም። ወንድሜ "ጋሼ፣ ገንዘብ አሰባስበን ወደ ውጭ እንላክህ" ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ ሐኪሙ ግን በሆድ በኩል የሚሠራውን ለብዙ ዓመታት የሠራበት እንደሆነ፣ ውጤቱም የታወቀ መሆኑን በግልጽ ነገረኝ። እኔም እዚሁ ለመታከም ወሰንኩ፤ በውሳኔዬም አልተጸጸትኩም።

ይህ ዘዴ በለንደን በሐኪሙ ፒተር ፍሬየር አማካይነት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የታወቀ ሲሆን፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቴሬንስ ሚሊን ፊኛውን ሳይከፍቱ በፊት ለፊቱ የሚሠሩበትን መንገድ ጨመረበት። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ ዛሬም የሚሠራው ፊኛው ተከፍቶ ነው። ከወገብ በታች አደነዘዙኝ፤ ከእምብርቴ በታች ቀደው፣ ፊኛዬን ከፍተው፣ ሐኪሙ ያደገውን የውስጡን ክፍል በጣቱ ከቅርፊቱ ፈልቅቆ አወጣው። የዚህ ቀዶ ጥገና ትልቁ ስጋት ደም መፍሰስ ነው፤ ስለዚህ ልጆቼና የእድራችን ሰዎች አስቀድመው ደም ለግሰው ነበር። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከቀጠሮው ብዙ ቀናት ቀደም ብላችሁ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ መቼ እንደሚቆምና እንደሚጀመር የሚወስኑት የልብና የቀዶ ጥገና ሐኪሞቻችሁ ተነጋግረው ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት በቱቦው በኩል የጨው ውኃ ያለማቋረጥ እየገባ ፊኛውን ያጥባል። አስታማሚ ይህን አንድ ነገር ይወቅ፦ የሚገባው ፈሳሽ እየገባ የሚወጣው ከቆመና ታማሚው ሆዴ ተወጠረ ካለ፣ የረጋ ደም ቱቦውን ዘግቶታል ማለት ነው፤ ነርሷ ወዲያው መጠራት አለባት። እኔ ላይ ሌሊት ሲደርስ ልጄ ፈጥኖ ስለጠራ በመርፌ ታጥቦ ተከፈተ። ቱቦው የወጣው ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በቤት በነበርኩበት ጊዜ ሐኪሙ ከሁሉ አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ ሆድ ድርቀትን ነበር፤ ማማጥ ያልጠገገውን ቁስል ያደማዋል። ባለቤቴ በየጠዋቱ ተልባ ታጠጣኝ ነበር፤ ከባድ ዕቃም ለስድስት ሳምንት ያህል አላነሣሁም። ሽንቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልፎ አልፎ ቀይ መሆኑ የተጠበቀ ነው፤ የረጋ ደም መብዛት፣ ትኩሳትና እንደገና መዘጋት ግን ወደ ሆስፒታል የሚያስመልሱ ናቸው።

ወንድሜ በእኔ የደረሰውን ስላየ ቱቦ እስኪገባለት አልጠበቀም። ፊናስተራይድ ለረጅም ጊዜ ይወስድ ነበርና ፒ.ኤስ.ኤ.ው 7 ሲመጣ ሐኪሙ እንደ 14 ቆጠረው፤ መድኃኒቱ ከመንፈቅ በኋላ ቁጥሩን በግማሽ ስለሚያወርደው በሁለት አባዝቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሳይገባው ይረጋጋል። ከዚያ ወደ መርፌ ናሙና ከመሄዳቸው በፊት ኤም.አር.አይ. አነሡት። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በ11 አገሮች 500 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ይህን ቅደም ተከተል ደግፎታል፤ አስቀድሞ ኤም.አር.አይ. ከተነሡት ውስጥ 28 በመቶው ናሙና መወሰድ ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል፤ ሕክምና የሚሻው ዓይነት ካንሰርም በ38 በመቶው ላይ ሲገኝ፣ በቀድሞው መንገድ ከተመረመሩት ላይ የተገኘው በ26 በመቶው ነበር። በወንድሜ ፕሮስቴት ላይ አጠራጣሪ ቦታ ስለታየ ናሙናው ተወሰደ። በፊንጢጣ በኩል መውሰድ የተለመደ ቢሆንም፣ በእርሱ የተወሰደው ኢንፌክሽን እንዲቀንስ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ነበር። ካንሰር አልተገኘበትም።

የእርሱ ዕጢ ደግሞ ከእኔም በልጦ 130 ግራም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አማራጭ ቀርቦለታል፤ የአማራጭ ብዛትም ራሱ ያስጨንቃል። ዕጢውን በትናንሽ ክር መሳይ ማሠሪያዎች ወደ ጎን ስቦ የሚያስር ዘዴ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ በእንፋሎት የሚያከስመው በ2015፣ በኮምፒውተር በሚመራ የውኃ ግፊት የሚቆርጠው በ2017 በአገሪቱ የመድኃኒትና የምግብ ተቆጣጣሪ ተፈቅደዋል። ማሠሪያውና እንፋሎቱ የዘር አፈሳስን እንደነበረ የመጠበቅ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ በዋነኛነት የተፈተኑት ግን ከ80 ግራም በታች በሆኑ ዕጢዎች ላይ ነው፣ ለምርመራ የሚላክ ሥጋም አያስገኙም። የውኃው ግፊት ለትላልቆቹም ያገለግላል። ወንድሜ የመረጠው በመጠን የማይገደበውን፣ በሆልሚየም ሌዘር ፈልቅቆ የማውጣት ዘዴ ነው።

ይህ ዘዴ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ፣ ታውራንጋ ከተማ በፒተር ጊሊንግና ባልደረቦቹ የዳበረ ነው። ወንድሜ ሲያስረዳኝ እጅግ የገረመኝ፣ ሌዘሩ የሚከተለው መሥመር የእኔ ሐኪም ጣት የተከተለው ያው በዕጢውና በቅርፊቱ መካከል ያለው መሥመር መሆኑ ነው። በሽንት ቱቦ በኩል ገብቶ ያደገውን ክፍል ሙሉውን ይፈለቅቀዋል፣ ወደ ፊኛ ይገፋዋል፣ ከዚያ ሌላ መሣሪያ ከትፎ ይመጠዋል። ከ100 ግራም በላይ ዕጢ ያላቸውን 120 ወንዶች ለሁለት ከፍሎ ለ5 ዓመታት የተከታተለ የጀርመን ጥናት፣ የሽንት መሻሻሉ በሁለቱም ዘዴዎች እኩል መሆኑን፣ በሌዘር የታከሙት ግን ደም ያነሰ እንደፈሰሳቸውና ቱቦና ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜ እንዳጠረ አሳይቷል። በእኛ ቤትም የታየው ይኸው ነው። የእርሱ ቱቦ በማግሥቱ ወጣ፤ እኔ ከሳምንት በላይ ተኝቻለሁ። ዛሬ ሁለታችንም ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ እንነሣለን።

ሌዘር ያልለወጠውንም መንገር አለብኝ፣ ማስታወቂያዎች ይህን በደንብ አይናገሩምና። በሁለቱም ዘዴዎች የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ፊኛ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ለጤና አይጎዳም፣ የወንድነት አቅምንም አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፣ ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ባልና ሚስት አብረው ገብተው ቢሰሙት መልካም ነው፤ እኔና ባለቤቴ አብረን ሰምተን ስለነበር በኋላ አንዳችም ቅሬታ አልተፈጠረም። ከሌዘሩ በኋላ ወንድሜ ሲያስልና ሲነሣ ለጥቂት ሳምንታት ሽንት ያመልጠው ነበር፤ ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ የማጥበቅ እንቅስቃሴ ከቀዶ ጥገናው አስቀድሞ ጀምሮ ስለነበር ቶሎ ተሻለው። ሌዘሩን ለመልመድ ሐኪሞች ከ25 እስከ 50 ታካሚ ያህል መሥራት እንደሚያስፈልጋቸው ይነገራል፤ ስለዚህ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክም ሆነ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት፣ የሚሠራችሁ ሰው ያንን ዘዴ ስንት ጊዜ እንደሠራው፣ የእናንተን ያህል ትልቅ ዕጢ ማውጣቱንም ጠይቁ። በልምድ ባለው እጅ የተሠራ የቆየ ቀዶ ጥገና፣ ልምድ በሌለው እጅ ከተያዘ አዲስ መሣሪያ ይሻላል፤ ይህን በሙሉ እምነት እናገራለሁ።

ከዳንኩ በኋላ ብዙ ሰዎች "ፕሮስቴትህ ወጥቷል፣ ከካንሰር ስጋትም ተገላግለሃል" ብለውኛል። ይህ ትክክል አይደለም። በእኔም ሆነ በወንድሜ ላይ የወጣው ያደገው የውስጠኛው ክፍል ነው፤ ቅርፊቱ በቦታው ቀርቷል፣ ከፕሮስቴት ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉ የሚነሡትም ከዚሁ ከውጨኛው ክፍል ነው። የወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ መላኩን አረጋግጡ፤ ውጤቱንም በእጃችሁ ያዙ፤ የእኔ ከካንሰር ነጻ ተብሎ ተጽፎ መጥቷል። ከቀዶ ጥገናው ጥቂት ወራት በኋላ ፒ.ኤስ.ኤ. ተለኩና ያንን ቁጥር እንደ አዲስ መነሻ መዝግቡት። የእኔ ከ6.1 ወደ 0.8 ወርዷል። ከእንግዲህ በየዓመቱ ስለካ የማነጻጽረው ከዚህ ከ0.8 ጋር ነው፤ ወደ 3 ቢወጣ፣ ከ4 በታች ነው ብሎ የሚያሰናብተኝ ላቦራቶሪ ቢያጋጥመኝ እንኳ፣ የቀድሞውን ወረቀት ይዤ ወደ ዩሮሎጂ ሐኪሜ እሄዳለሁ።